ፊድ-ኢን ታሪፍ ምንድን ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲጓዝ ጣርማ በር ላይ ከመኪና የወረደ ሰው ነፋሱን አይረሳውም፤ ነጠላ ይነጥቃል። «ይሄ ሁሉ ነፋስ ለምን መብራት አይሆንም?» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የመልሱ ግማሽ ያለው ዋጋ ላይ ነው።

ፊድ-ኢን ታሪፍ ከነፋስ፣ ከፀሐይ ወይም ከትንሽ ወንዝ ለመነጨ ኤሌክትሪክ መንግሥት አስቀድሞ የሚቆርጠው ዋጋ ነው። በኪሎዋት ሰዓት ተሰልቶ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ይጸናል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ባለቤትም ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ የመግዛት ግዴታ አለበት።

የቢራ ገብስ የሚዘራ የባሶና ወራና ገበሬ ይህ አይጠፋውም። ሳይዘራ ከፋብሪካው ጋር ዋጋ ቆርጦ ከተዋዋለ፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ሲበደር ልቡ አይፈራም። የነፋስ ማመንጫ ነገር ደግሞ ከገብሱም ይብሳል። ናፍጣ የሚያቃጥል ጣቢያ ወጪው በየዕለቱ ስለሆነ ገበያው ሲከፋ ሞተሩን ያጠፋል። ነፋስ አይገዛም፤ ምሰሶው፣ ተርባይኑና መስመሩ ግን አንድ አምፖል ሳይበራ ገንዘቡን ጨርሰው ይበሉታል። ገንዘቡ በአብዛኛው ብድር ነው፤ ባንኩም «የዛሬ አሥር ዓመት በስንት ትሸጣለህ?» ይላል። መልስ ከሌለ ወለዱ ይከብዳል፤ ወለዱ ሲከብድ ኤሌክትሪኩም ይወደዳል። ለእኔ የተቆረጠ ዋጋ ትልቁ ጥቅም ይህን ስጋት ማቅለሉ ነው።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የመስመር ባለቤቶች እንዲገዙ አስገደደች፤ በ2000 ደግሞ ዋጋውን ለ20 ዓመት አጸናችው። ገበሬዎችና የመንደር ማኅበራት ሳይቀሩ ተርባይን ተከሉ። በተቆረጠው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የከፈለው ግን ተጠቃሚው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ላይ 6.88 የዩሮ ሳንቲም ይጨመር ነበር።

ስፔን ደግሞ ዋጋውን አብዝታ ቆረጠችና ጣቢያዎቹ ከተተከሉ በኋላ ቀነሰችው። ገብሱ አውድማ ላይ ከተከመረ በኋላ ዋጋ እንደሚያፈርስ ነጋዴ ማለት ነው። ባለሀብቶቹ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት ድረስ ወሰዷት።

ዛሬ ብዙ አገሮች ወደ ጨረታ አዘንብለዋል፤ ዋጋውን የሚያቀርበው አልሚው ነው፣ ዝቅ ያለው ያሸንፋል። እኛም ጋ ለአፋሩ ዲቼቶና ለሶማሌ ክልሉ ጋድ የፀሐይ ጣቢያዎች በወጣው ጨረታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው አኩዋ ፓወር በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አቅርቦ አሸንፏል። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያዎች ግን በብድር የተሠሩ የመንግሥት ንብረቶች ናቸው።

ጨረታ ዋጋ ያረክሳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጣርማ በር ላይ አንድ ተርባይን መትከል የሚያስብ የገበሬዎች ማኅበር ከእንዲህ ያለ ኩባንያ ጋር ሊጫረት አይችልም። የተቆረጠ ዋጋ ቢኖር ግን ውሉን ይዞ ባንክ ይሄዳል።