ሞኖቶኒክ ሰዓት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«እኔ ሞኖቶኒክ ሰዓት ነው የተጠቀምኩት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የከርነሉ ነው።» (ከርነል የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው።) ይህንን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የሰሞኑ ግን አስመርሮኛል።

የሰውዬው ቴስት፣ ማለትም የፕሮግራሙን ትክክለኛነት የሚፈትሽ ሙከራ፣ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓተ ክወና በተጫነበት ላፕቶፑ ላይ ወድቆበታል። ፕሮግራሙ ሰዓት ይይዛል፣ ላፕቶፑ ይተኛል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይነቃል። ቴስቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ አልፎ ማግኘት ይፈልጋል። ያገኘው 3 ሰከንድ ነው። «ሞኖቶኒክ ማለት በእውነት ያለፈው ጊዜ ማለት ነው» ብሎ ሙግት ገጠመኝ።

አይደለም ወንድሜ። ሞኖቶኒክ የገባልህ ቃል አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ኋላ አልመለስም። በቃ። ከየት ጀምሬ እቆጥራለሁ፣ ምን ምኑን እቆጥራለሁ የሚለው በስሙ ውስጥ የለም።

የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪን አስቡ። ከጅቡቲ በመኪና ማጓጓዣ ተጭና የመጣች አዲስ መኪና ሞጆ ላይ ስትወርድ ቆጣሪዋ ስንት ይላል? ጥቂት ኪሎሜትር። ወደ 800 ኪሎሜትር መጥታለች፤ ጎማዋ ግን አልዞረም። ሊኑክስ ላይ ክሎክ ሞኖቶኒክ ልክ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲተኛ ጎማው ቆሟል፣ አይቆጥርም። ተጭኖ የሄደውንም ደምሮ የሚቆጥር ሌላ ቆጣሪ አለ፤ ክሎክ ቡትታይም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከከርነል 2.6.39 ጋር ነው የመጣው። የዕለቱን ቀንና ሰዓት የሚነግረው ክሎክ ሪልታይም ደግሞ ደላላ እጅ የገባ ቆጣሪ ነው፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። (ደላሎች ይቅር በሉኝ። ሰዓቱን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት አስተካካዩ ፕሮግራም ነው፣ ያውም በቅን ልቦና።)

አሁን ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ፣ ከርነል 4.17 ሲዘጋጅ፣ የጊዜ አያያዙን ክፍል የሚመራው ቶማስ ግላይክስነር ሞኖቶኒክን እንደ ቡትታይም የሚያደርግ ለውጥ አስገባ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ከሁለት ቆጣሪ አንድ ይቀላል። የሆነው ግን እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳና የሚከታተል ሲስተምዲ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እሱ የሚጠብቃቸው አገልግሎቶች በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ «አለሁ» ማለት አለባቸው፤ ዝም ያለ ይገደላል። ላፕቶፑ 8 ሰዓት ተኝቶ ሲነቃ ሞኖቶኒክ ሰዓቱ በአንዴ 8 ሰዓት ዘለለ። ሲስተምዲም «ይሄ 8 ሰዓት ሙሉ ዝም ብሏል» ብሎ ጤነኛውን አገልግሎት ገደለው። ማቴ በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ማሽኑ ከመንቃቱ ስክሪን ሴቨር ይነሳ ጀመር። ኔትወርክ የጠፋባቸውም ነበሩ። ይሄ እንግዲህ ከጅቡቲ ተጭና የመጣችውን መኪና ገና ሳትነሳ «ሰርቪስ ደርሷል፣ ዘይት ይቀየር» እንደ ማለት ነው። በሚያዝያ አካባቢ ለውጡ ተነሳ፤ በሰኔ መጀመሪያ (ወሮቹም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው 4.17 የድሮውን ጠባይ ይዞ ነው።

ልብ በሉ፤ ሰዓቱ አንዴም ወደ ኋላ አልሄደም። 8 ሰዓት ወደ ፊት መዝለልም ሞኖቶኒክ ነው። ከለውጡ በፊትም በኋላም ቃሉን ጠብቋል። የተሰበረው በስሙ ውስጥ የሌለ፣ ሁሉም ግን የተደገፈበት የሊኑክስ ጠባይ ነው። በእኔ እምነት መመለሱ ትክክል ነበር፤ የሰው ፕሮግራም ከሚሰበር የሰዓቱ አሠራር ቢወሳሰብ ይሻላል። የዚህ ሰውዬ ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እሱ የሚፈልገው ያንን የተነሳውን ጠባይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሰዓቱን ተከታትላችሁ ሁለት ጊዜ ብታነቡት ሁለቱ ንባቦች እኩል ሊሆኑም ይችላሉ። «ሁለተኛው ከመጀመሪያው መብለጥ አለበት» የሚል ቴስት የምትጽፉ፣ «መብለጥ ወይም እኩል መሆን» በሉት። በተለይ ፈጣኑን ግን ሻካራውን ሰዓት፣ ሞኖቶኒክ ኮርስን፣ ስትጠቀሙ። በሰከንድ 250 ጊዜ በሚመታ ከርነል ላይ እሱ የሚንቀሳቀሰው በየ4 ሚሊሰከንዱ ነው። ደግሞም የጎማ ንፋስ ሲቀንስ ቆጣሪው በጥቂቱ እንደሚያዛባ ሁሉ የማሽኑን ሰዓት በኔትወርክ የሚያስተካክለው ኤንቲፒም የሞኖቶኒክን ፍጥነት በጥቂቱ ያፈጥናል፣ ያዘገያል። የተለመደው ጣሪያ ከሚሊዮን 500 ነው፤ በቀን 43 ሰከንድ ገደማ። በዚህም ያልተነካ ጥሬ ቆጠራ ከፈለጋችሁ ሞኖቶኒክ ሮው አለላችሁ። እሱም ማሽኑ ሲተኛ አይቆጥርም።

ሰውዬው በመጨረሻ ያቀረበልኝ ማስረጃ «ጓደኛዬ ማክ ላይ እኮ ቴስቱ ያልፋል» የሚል ነው። ያልፋላ! ማክኦኤስ ላይ ክሎክ ሞኖቶኒክ የሚባለው ማሽኑ ተኝቶም ይቆጥራል። ስሙ አንድ ነው፣ ቆጣሪው ሌላ። ሊኑክስ ላይ ሞኖቶኒክ ያለበትን ቡትታይም ቢለው ቴስቱ ያልፍለት ነበር። የአንድ ቃል ለውጥ ነው። እሱ ግን እስካሁን ለከርነሉ የስህተት ሪፖርት እየጻፈ ነው።