የማገገሚያ ጊዜ ምንድን ነው? ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ ወደ ሥራ ለሚመለስ

የማገገሚያ ጊዜ ማለት ከቀዶ ሕክምናው ቀን አንሥቶ ቁስሉ እስኪጠግግና የዓይኑ ብግነት (መቅላቱና ማበጡ) እስኪበርድ ያለው ጊዜ ነው። ማየት ከመጀመር ጋር አንድ አይደለም። የሞራ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሣለት የነርሷን ፊት ለይቶ፣ የግድግዳውን ሰዓት አንብቦ "በቃ ድኛለሁ" ይላል። ዓይኑ ያያል እንጂ ገና አልዳነም።

ሞራ የሚባለው ከብሌኑ በስተጀርባ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ደፍርሶ ብርሃን አላሳልፍ ሲል ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል። አገራችን ውስጥ በብዛት በሚሠራው ዘዴ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን መግቢያ ይከፈታል፤ በአልትራሳውንድ ሞገድ በሚሠራው ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ስፌት የለም። መግቢያው ተዘግቶ የሚቆየው በአቆራረጡና በዓይን ውስጥ ባለው ግፊት ነው። ዓይንህን አትሸት፣ ከባድ አታንሣ፣ ትንፋሽህን አፍነህ አትግፋ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ የሚያዝዘው የዓይን ጠብታ በአብዛኛው አራት ሳምንት ገደማ ይወሰዳል። ዓይኑ ነጣ፣ ሕመሙ ጠፋ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ማቆም ብግነቱ እንዲያገረሽ መጋበዝ ነው።

ታዲያ ወደ ሥራ መቼ? መልሱ ያለው ዓይኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ሥራው ላይም ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደቡብ ምዕራቡ አገር ሁሉ የዓይን ታካሚ ይመጣል፤ ሐኪሙ "አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" ሲላቸው ብዙዎቹ "ንግድ" ብለው ያልፋሉ። ንግድ ሲባል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ መያዝም ነው፣ ሂርማታ ገበያ ኩንታል ማውረድም ነው። ሐኪሙ "ከሳምንት በኋላ ይችላሉ" የሚለው የመጀመሪያውን አስቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሥራውን ስም ሳይሆን ሥራውን ራሱን ይንገሩት፦ ምን ያነሣሉ፣ አቧራ አለ ወይ፣ ያጎነብሳሉ ወይ፣ ማታ ይነዳሉ ወይ።

የቢሮ ሰው ሞራው ያለ ችግር ከወጣለት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተር ዓይን አያበላሽም፤ ግን ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ብዙ አያርገበግብም፣ ዓይኑ ይደርቅና ይቆረቁረዋል፣ ከዚያ እጁ ለማሸት ይሄዳል። አደጋው እጁ ላይ ነው።

አናጢው ሌላ ነው። የጅማ በርጩማና ወንበር የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው መጋዝ ትቢያ ውስጥ ነው። ቡና ማበጠሪያና መቀሸሪያ ቤት ያለውም እንደዚያው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ወቅት ደግሞ ሥራው ይብሳል፣ ቀሪ ሰው አይወደድም። ለኤክስፖርት የተሞላ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ መግቢያው ሰፊ ከነበረ ከዚያም በላይ መቆየት የተለመደ ምክር ነው። ቀዶ ሕክምናውን የመምረጥ ዕድል ያለው ሰው ወቅቱ ሳይገባ ክረምት ላይ ቢያስይዘው ይሻለዋል።

የባጃጅ ሾፌር አቧራና ነፋሱን በመነጽር ሊከላከል ይችል ይሆናል። የከበደው ርቀት መገመት ነው። አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ገና ሞራ ካለበት አንጎል ሁለቱን ምስል ማስማማት ያቅተዋል፤ ከፊት ያለው መኪና ከሚታየው ይልቅ ቅርብ ሊሆን ይችላል። የማታ መብራትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበተንበታል። ሐኪም የማየት ችሎታውን ለክቶ ሳይፈቅድ መሪ መያዝ ለተሳፋሪውም አይበጅም።

ልብስ ሰፊን የሚያበሳጨው ደግሞ ሌላ ነው። የሚገባው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ለሩቅ የተለካ ነው፤ መንገድ ማዶ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተዋል። ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ማለት አይደለም፣ የቅርብ መነጽር ያስፈልገዋል ማለት ነው። መነጽሩ የሚለካው ዓይኑ ሲረጋ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተገዛ መነጽር በሁለተኛው ወር ላይበጅ ይችላል።

ሥራ ሲባል ደመወዝ ያለው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እናቶቻችን "እረፊ" ተብለው ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ምጣድና ጭስ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ከሰልና ዕጣኑ ይጨሳል፤ ቡናውን የምትቆላውም ራሷ ታማሚዋ ትሆናለች። ለመጀመሪያው ሳምንት ቢያንስ ሌላ ሰው ይቁላ፣ እሷ በር አጠገብ ትቀመጥ። ውኃም እንደዚሁ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። ለውዱእ ፊቱን የሚታጠብ ሰው፣ ለሱጁድ ግንባሩን የሚደፋ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሰግድና ጠበል የሚጠመቅ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ለታመመ ተየሙም (ያለ ውኃ፣ በአፈር መንጻት) አለ፣ ተቀምጦ መስገድ አለ፤ ለደካማ ስግደት ግዴታ አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሞራ ነው። የግላኮማ (ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የተያያዘ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው መጎንበስና ማንሣት ለረዘመ ጊዜ ይከለከላል። ከሁሉ የሚለየው የረቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ጀርባ ሽፋን፣ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንዳንዴ ዓይን ውስጥ ጋዝ ይሞላል። ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል፣ ከፍታ ላይ ሲወጡም ይሰፋል፤ ሲሰፋ የዓይን ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ጥቂት ብትበልጥ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባ ታክሞ የመጣ ሰው በመኪናም ቢሆን ግቤ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ለቀጠሮ ሲመለስ ደግሞ ከዚያ የባሰ ዳገት ይጠብቀዋል። ጋዝ ያለበት ሰው አውሮፕላን አይሞክርም፤ በየብስ ለመሄድም ከሆስፒታል ሳይወጣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለቀጣሪ የሚቀርበው የሐኪም ማስረጃ፣ ብዙዎች ሲክ ሊቭ የሚሉት፣ "ለ14 ቀን እረፍት ተሰጥቶታል" ብቻ ባይል ይመረጣል። "ለአንድ ወር ክብደት አያንሣ፣ አቧራ ቦታ አይመደብ" የሚል መስመር ቢጨመርበት አለቃም ሌላ ቦታ ለመመደብ መነሻ ያገኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ከሞራ ኦፕራሲዮን ማገገሙ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ስለሚያልቅ በደመወዝ ጉዳይ ተጨንቆ ቶሎ መግባት አያስፈልግም። ቀሪ የሆነ ሰው በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ በቀጠሮ የሚታከም ግን ወረቀቱን አስቀድሞ ቢያስገባ ይመረጣል።

ሥራ ከገቡም በኋላ ቢሆን ሕመሙ ከቀነሰ ወዲህ እንደገና ከበረታ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ብልጭ ብልጭ ካለ "ለቀጠሮዬ ሦስት ቀን ቀርቶታል" ብሎ መጠበቅ አይገባም። ኢንፌክሽን ዓይን ውስጥ ከገባ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ያን ዕለት ከሥራ ወጥቶ ወደታከሙበት መሄድ ነው።