ላምቢዎች፦ ከሰዮ እስከ በረከት ሸለቆ

ቶማስ ላምቢና ሻርሎት ክሌኒ በአሜሪካ የተባበሩት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሥር በሱዳንና በኢትዮጵያ ያገለገሉ ባልና ሚስት ናቸው። ቶማስ በ1885 ፒትስበርግ ተወልደው ሕክምና ተምረዋል። በ1907 ወደ ሱዳን ወርደው በሶባት ወንዝ ዳር ሥራ ጀመሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሻርሎትን አገቡ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ኢትዮጵያ የጠራቸው በሽታ ነው። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ ምዕራብ ወለጋን ሲፈጅ፣ የአካባቢው ገዥ ድንበር አሻግሮ ሐኪም እንዲላክለት ጠየቀ። ቤተሰቡ በ1919 በጋምቤላ በኩል ገብቶ ደጋውን በመውጣት ሰዮ፣ ማለትም የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ሰፈረ። በዚያ የተጀመረው ሕክምና ትምህርትንና ስብከትን አስከተለ።

ከሰዮ ወደ አዲስ አበባ ያደረሳቸው ግን አንዲት ነፍሳት ናት። በ1922 ጎሬ ላይ ሲያልፉ ሐኪሙ ከኢሉባቦሩ ገዥ ከናደው ጆሮ የገባችውን ነፍሳት አወጡ። ናደው፣ በዓመቱ ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ልዑኩን የመሩት ሰው፣ ስለ ሐኪሙ ለአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጻፉ። ነገሩ ተረት ይመስላል፤ የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ለሚያውቅ ግን ከዚህ የተሻለ የድጋፍ ደብዳቤ አይገኝም። ከራስ ተፈሪ ጋር በተደረገው ስምምነት ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ገንዘቡ የተገኘው ከአንድ አሜሪካዊ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ ላምቢ ከፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ተለይተው ወደ ደቡብ አቀኑ። በ1927 ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) ከሚባለው የወንጌል ሚስዮን ጋር ተባበሩ፤ በዓመቱም ቡድናቸው በከምባታና ሐዲያ፣ በወላይታና በሲዳማ ሥራ ጀመረ። የዛሬው ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሥሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከጊዜ በኋላ አለርት የሆነው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እንዲቋቋም ደክመዋል።

ስለ ሻርሎት የተጻፈው ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሁለት ልጆች አሳድገዋል፤ ሰዮ፣ ጉለሌ፣ ደቡብ እያሉ ቤታቸውን በየጊዜው ነቅለው ተክለዋል። የባልን ስም ብቻ የሚጠራ የሚስዮን ታሪክ ግማሹን የቤት ሥራ ሳይቆጥር ያልፋል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለቱ ነው።

ላምቢ በ1934 የኢትዮጵያ ዜግነት ወሰዱ፤ በ1935 ሲቋቋም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ቀጥሎ ያለው ግን ወዳጆቻቸውን ያሳፈረ ነው፦ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወርራ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ፣ ቀደም ሲል በጣሊያን ላይ የሰጡትን ምስክርነት የሚሽር ጽሑፍ ለወራሪው ሹማምንት ሰጡ። የሚስዮኑ ሥራ እንዳይዘጋ ብለው ነው የሚሉ አሉ። ሥራው ግን አልተረፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ድርጊቱን እንደ ክህደት ቆጠሩት።

ባልና ሚስቱ ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ወደ ፍልስጤም ሄዱ። ሻርሎት በ1946 አረፉ። ቶማስ በቤተልሔምና በኬብሮን መካከል፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ በረከት ሸለቆ ስም፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ አቋቋሙ፤ ይህም እንደገና በፕሬስቢቴሪያኖች ጥላ ሥር ነበር። በ1954 የትንሣኤ ሰሞን ኢየሩሳሌም ውስጥ የአትክልቱ መቃብር በሚባለው ስፍራ ሳሉ ሞቱ።

ሰዮ ላይ የተተከለው በሌሎች እጅ ቀጠለ። በወረራው ዘመን ሚስዮናውያኑ ሲወጡ፣ በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋበት ሰባኪ ጊዳዳ ሶሌንና ማሞ ጮርቃ ምእመናኑን ሰብስበው ያዙ። ጊዳዳ የኋላው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ አባት ናቸው። ጉባኤው በ1947 ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ራሱን ቻለ፤ በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደ።