አንታርክቲካ ለመክረም የሚደረግ ስልጠና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስልጠናው ብርድ መልመድ ነው» አንታርክቲካ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ለሚከርሙ ሰዎች የሚሰጠው ስልጠና ብዙ ሰው በረዶ ላይ እያስተኙ ምናምን ይመስለዋል። ብርዱማ ቀልድ አይደለም፣ እዛ ያለው የሶቪየቶች ቮስቶክ ጣቢያ ላይ በፈረንጆቹ 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተመዝግቧል፣ ግን ለሱ ልብስም ቤትም አለ። እንቅልፍ የሚነሳው እሳት ነው (እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር)። አየሩ ደረቅ፣ ውሃው በረዶ፣ የሚደወልለት እሳት አደጋ የለም፣ ቤቱ ከነደደ መሸሻም የለም። እዛው ቮስቶክ በ1982 የጄኔሬተር ቤቱ ተቃጥሎ አንድ ሰው ሞተ፣ የቀሩት ራሳቸው በሠሩት ምድጃ እየሞቁ ወራት ሙሉ ቆዩ። ስለዚህ ሳይንቲስቱም ወጥ ቤቱም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ጭስ በሞላው ክፍል ውስጥ በዳበሳ ሰው መፈለግ ይለማመዳል።

«የታመመ ሰው ካለ አውሮፕላን ይመጣል» ደቡብ ዋልታ ላይ ከየካቲት በኋላ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ መደበኛ በረራ የለም። በ2016 ክረምት ሁለት ሰው ለማውጣት ትንንሽ አውሮፕላኖች ከካናዳ ተነስተው እዛ እስኪደርሱ አንድ ሳምንት ገደማ ፈጀባቸው፣ እሱም ተሳክቶ ነው።

«ሐኪም አለ አይደል፣ ሌላው ስለ ህክምና ምን አገባው» ሐኪሙ ራሱ ቢታመምስ? በ1961 ሊዮኒድ ሮጎዞቭ የሚባል የሶቪየት ሐኪም ትርፍ አንጀቱን በገዛ እጁ ቀዶ አወጣ፣ መሳሪያ ያቀበለው የአየር ጠባይ ባለሙያ፣ መስታወት የያዘለት ደሞ መካኒክ ነበር እንግዲህ። ጀርመኖቹ ኖይማየር በሚባለው ጣቢያቸው 9 ሰው ብቻ ስለሚያከርሙ ሐኪም ያልሆኑትንም ኦፕራሲዮን ላይ እንዲያግዙ ቀድመው ያሰለጥኗቸዋል።

«የሚፈለገው ጀግና ነው» ጀግናማ ጣቱ በውርጭ ሲደነዝዝ ደህና ነኝ ብሎ ይደብቃል፣ ከዛ ሌላው ተሸካሚ ይሆናል።

«ቲም ቢልዲንግ ጨዋታ ነው፣ ጥሩ ሰው ከተመረጠ ጠብ የለም» ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ደቡብ ዋልታ ላይ 40 ምናምን ሰው፣ ስድስት ወር ፀሐይ የለችም፣ በር ዘግተህ የምትሄድበት የለም፣ ጠብ እንዴት ይቀራል? ሰው የሚጣላው ደሞ በትልቅ ነገር አይደለም፣ ሲያኝክ በሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ባልታጠበ ሳህን ነው። ስልጠናው ላይ አብረው ድንኳን ተክለው፣ ደክሟቸው፣ ርቧቸው እያሉ ማን ሲደክመው ዝም እንደሚል ማን እንደሚቆጣ ይተያያሉ፣ ሲከፋኝ እንዲህ ነኝ ብሎ ቀድሞ መናገር ይለማመዳሉ፣ በኋላ ሰኔ ላይ በጨለማው መሀል አንዱ ቁርሱን ይዞ ለብቻው ጥግ ሲቀመጥ ሌላው አኩርፎብኛል ብሎ እንዳይተረጉመው።