የሲሞስ ባትሪ ምንድን ነው?

ላፕቶፑን ስትከፍቱት ሰዓቱ ተዛብቷል። ቀኑም ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ኢሜይሉንም ባንኩንም አልከፍት ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ «ኤፍ 1ን ተጫኑ» ብሎ ይቆማል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጭንላት ብዬ ፋይሎቿን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀምሬ ነበር። ችግሩ ግን አንዲት ክብ ባትሪ ነበረች።

ይቺ ባትሪ የሲሞስ ባትሪ ትባላለች። የሰዓት ባትሪ የሚሏትም አሉ፤ ሥራዋን የበለጠ የሚናገረው ይሄኛው ስም ነው። ላፕቶፑን የሚያሠራው ትልቁ ባትሪ ሌላ ነው። ይቺ ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተሰክታ፣ ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱ እንዳይቆም ታደርጋለች።

«ሲሞስ» በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበላ የቺፕ አሠራር ስም ነው። በፈረንጆቹ 1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት ከሰው ይጠይቅ ነበር። በ1984 የመጣው ፒሲ ኤቲ ግን በባትሪ የሚቆጥር ሰዓትና ጥቂት ባይት ማስታወሻ የያዘ የሞቶሮላ ቺፕ ተገጠመለት። ቺፑ የሲሞስ ስለነበር ባትሪዋም በዚያው ተጠርታ ቀረች።

ሰዓቱን የሚቆጥረው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ለሁለት እያካፈላችሁ 15 ጊዜ ብትወርዱ ልክ 1 ላይ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ምት ላይ ትደርሳላችሁ፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ባትሪ ያለው የእጅ ሰዓትም በዚሁ ይሠራል። የሚፈጀው ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። የተለመደችው ሲአር 2032 ባትሪ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ትይዛለች። ፍጆታው 3 ማይክሮአምፔር ነው ብለን ብናሰላ 8 ዓመት አካባቢ ታዘልቃለች። ችግሩ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚበዛው ዕድሜዋን ስለምትጨርስ ነው።

ብዙ ላፕቶፖች ላይ ትልቁ ባትሪ ቻርጅ ካለው ወይም ቻርጀሩ ከተሰካ ሰዓቱ ከዚያ ይመገባል። ስለዚህ የሲሞስ ባትሪዋ ብትሞትም ለወራት ላይታወቅ ይችላል። የሚታወቀው ትልቁም ሲደክም ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው፣ ትልቁ ባትሪ ስለማይዝ ሁልጊዜ ከሶኬት ላይ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም ድርግም ይላል። ሲመጣ ሰዓቱ ከመነሻው ጀምሯል። «መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንተርኔቴ ይበላሻል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩለት።

ቀን ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው? ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ላፕቶፑ ራሱን በፈረንጆቹ 2015 ላይ ካስቀመጠ፣ የዛሬው ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልጀመረ ነው። ስለዚህ አልቀበልም ይላል። ልክም ነው፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው።

ቆየት ባሉ ላፕቶፖች ላይ ከሰዓቱ ሌላ የባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብሮችም አብረው ይጠፋሉ። ለምሳሌ ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት ስልት ተቀይሮ ዊንዶውስ አልነሳ ሊል ይችላል። ስለዚህ ባትሪዋን ከመንካታችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ግቡና እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ላፕቶፑ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ያስገባል። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር አስቀድማችሁ እጃችሁ ላይ አድርጉ። ከባዮስ ለውጥ በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

አሁን ባትሪ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሲአር 2032 ማለት 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ክብ የሊቲየም ባትሪ ናት፤ 3 ቮልት ትሰጣለች። ዴስክቶፕ ላይ ማቀፊያዋ ውስጥ ጠቅ ብላ ትገባለች። ላፕቶፕ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መሰኪያ አላት። ስለዚህ ከነሽቦዋ የተዘጋጀችውን ግዙ። ባዶዋን ገዝቶ ሽቦ መበየድ ጥሩ አይደለም፤ ሙቀቱ ባትሪዋን ይጎዳታል፣ ልትፈነዳም ትችላለች።

ሌላም አለ። አንዳንድ ላፕቶፖች ኤምኤል 1220 የምትባል ቻርጅ የምትደረግ ባትሪ ይጠቀማሉ። እሷም 3 ቮልት ናት፣ መልኳም ይመሳሰላል። በእሷ ቦታ ሲአር ካስገባችሁ ላፕቶፑ ቻርጅ ልትደረግ የማትችለውን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። ፈሳሽ ልታወጣ ወይም ልትፈነዳ ትችላለች። ስለዚህ አሮጌዋን አውጥታችሁ የተጻፈባትን አንብቡ፤ ያንኑ ግዙ። አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የሌለችበት አለ። ሰዓቱን የሚያሠራው ትልቁ ባትሪ ነው።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ትልቁን ባትሪ አውጡ። ትልቁ ባትሪ ከውጭ የማይወጣ ከሆነ፣ ክዳኑን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የእሱን መሰኪያ ንቀሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሯቸው። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ላይ ያሰረ ሰው ማዘርቦርድ ሊወጋ ይችላል። ባትሪዋ አንዳንዱ ላይ ታች ካለው ክዳን ሥር፣ አንዳንዱ ላይ ከኪቦርዱ ሥር ናት። ሽቦውን አትጎትቱ፤ መሰኪያውን በጥፍር ወይም በወረንጦ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። ቴስተር ካላችሁ ባትሪዋን ለኳት። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወደ 2.5 ከወረደች ሞታለች።

ያወጣችኋትን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ይህን አጥብቄ የምለው ነው። ሕፃን ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች፤ ያለቀችዋም ቢሆን። ተውጣለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስታወክ ሳትሞክሩ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ሁለቱንም ፊቷን በናስትሮ ሸፍናችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጧት።

አዲሷን ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ ቀንና ሰዓት ሙሉ። እዚህ ላይ እኛ ዘንድ ብቻ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ አለ። 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን ድረ ገጾቹ ያው አይከፈቱም፤ ባትሪዋም ያለጥፋቷ ትታማለች። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለላፕቶፑ 9:00 ነው። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ «ናይሮቢ» የሚለውን ያዙ፤ የእኛም ሰዓት እሱ ነው። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ትልቁ ባትሪም የሚወጣ ከሆነ አውጡትና እንዲሁ ይደር። ጠዋት ስትከፍቱት መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።