ስለ ዘመናዊ የፍቅር ልብወለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዘመናዊ የፍቅር ልብወለድ፣ በተለምዶ ሮማንስ የሚባለው፣ በብዛት ከሚነበቡት የልብወለድ ዘውጎች አንዱ ነው። ሳይነበብ ከሚፈረድባቸው ደግሞ ግንባር ቀደሙ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈርዱበት ሽፋኑን አይተው ያለፉ ወይም አንድ ደካማ መጽሐፍ ጀምረው የተዉ ሰዎች ናቸው። ደካማ መጽሐፍ በየዘውጉ ሞልቷል። የሚገርመው ግን ሮማንስ እንደ ጉድለት የሚወቀስባቸው ነገሮች አብዛኞቹ አንባቢውን የሚይዝባቸው ብልሃቶች መሆናቸው ነው። ነገርን ከሥሩ ነውና ከምንነቱ እንጀምር።

«ፍቅር ያለበት ልብወለድ ሁሉ ሮማንስ ነው»

አይደለም። ዘውጉ ሁለት መስፈርቶች አሉት። በመጀመሪያ ደረጃ የታሪኩ ማዕከል የፍቅረኞቹ ግንኙነት መሆን አለበት። ሥራው፣ ቤተሰቡ፣ ጓደኝነቱ ሁሉ ይህን ግንኙነት ለመፈተን ወይም ለማጠንከር የሚገቡ ናቸው። ሁለተኛ፣ ፍጻሜው አንባቢን የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። በ1980 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የሮማንስ ደራስያን ማኅበርም ዘውጉን ሲበይን ያስቀመጠው እነዚህኑ ሁለት ነጥቦች ነው።

በዚህ መለኪያ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታላቅ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ሮማንስ ግን አይደለም። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የሚያበቃው በሞት ነው፤ መጽሐፉም ከፍቅሩ እኩል የዘመኑን ሥርዓት ይመረምራል። ይህን ማለት አንዱን ከሌላው ማሳነስ አይደለም፤ ሁለቱ ለአንባቢ የሚገቡት ቃል የተለያየ ነው። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ፦ የፍቅሩን ታሪክ ከመጽሐፉ ብታወጡት የቀረው በራሱ ይቆማል? ከቆመ መጽሐፉ ፍቅር ያለበት ሌላ ዓይነት ልብወለድ ነው። ከፈረሰ ሮማንስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ተስፋ ያለው ፍጻሜ ሲባልም የግድ ሠርግ ማለት አይደለም። አንዳንዱ መጽሐፍ ሁለቱን ለዕድሜ ልክ አስተሳስሮ ይሰናበታል፤ ሌላው ደግሞ «ለአሁኑ አብረን ነን፤ ወደፊት አብረን ልንሞክር ወስነናል» በሚል ያበቃል። ገጸ ባሕርያቱ ወጣቶች ሲሆኑ ወይም ታሪኩ የጥቂት ቀናት ሲሆን ሁለተኛው የበለጠ ይታመናል።

«መጨረሻው ስለሚታወቅ የሚያጓጓ ነገር የለውም»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ወቀሳ ይህ ነው። የወንጀል ልብወለድ የሚያነብ ሰውም ገዳዩ በመጨረሻ እንደሚታወቅ ያውቃል፤ ያም ሆኖ ገጹን ከመግለጥ አይቦዝንም። ሮማንስም የሚያጓጓው «ይሆን ወይስ አይሆንም?» በሚለው ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው «እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ይህ ሁሉ በመካከላቸው እያለ፣ እንዴት ብለው?» የሚል ነው።

ስለዚህ የመጽሐፉ ሞተር መሰናክሉ ነው። መሰናክል ሁለት ዓይነት ነው። ውጫዊው በግልጽ ይታያል፤ ሁለት ባልደረቦች ለአንድ የሥራ ቦታ ይወዳደራሉ፣ ወይም አንዳቸው ከሦስት ወር በኋላ አገር ይቀይራሉ። ውስጣዊው ገጸ ባሕርዩ ስለ ራሱ ወይም ስለ ፍቅር አምኖ የተቀበለው የተሳሳተ ነገር ነው። «የተደገፍኩበት ሰው ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል» ብላ የምታምን ሴት ረዳት ሲመጣላት ትገፋዋለች፤ ገፍታውም ሲሄድ «ብዬ ነበር» ትላለች። ውጫዊውን መሰናክል አንድ ደብዳቤ ወይም አንድ የሥራ ዝውውር ሊፈታው ይችላል። ውስጣዊው የሚፈታው ሰውየው ሲለወጥ ብቻ ነው። ጥሩ ሮማንስ ሁለቱን ያጣምራል፤ ውጫዊው ችግር የሚመታው ልክ ውስጣዊው ቁስል ባለበት ቦታ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዋ ፓሜላ ሬጂስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የዘውጉን አካላት ስምንት አድርጋ ዘርዝራለች፦ ሰዎቹ የሚኖሩበት ማኅበረሰብ፣ ትውውቁ፣ መሰናክሉ፣ መሳሳቡ፣ ፍቅርን መግለጡ፣ ምሳሌያዊ ሞቱ፣ መሰናክሉን የሚያነሣው መገለጥ እና ቃል ኪዳኑ። ቅደም ተከተላቸው ሊቀያየር ይችላል፤ አንዳንዶቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲያልፉ ሌሎቹ ምዕራፎች ይፈጃሉ። ምሳሌያዊ ሞት የሚባለው ፍቅሩ ያለቀለት የሚመስልበት ቦታ ነው። በዛሬዎቹ መጻሕፍት ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚውለው ከመጽሐፉ 75 በመቶ እስከ 85 በመቶ ባለው ክፍል ነው። 80,000 ቃላት ባሉት ልብወለድ ከ60,000ኛው እስከ 68,000ኛው ቃል መሆኑ ነው።

መጽሐፉ የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ስህተት ሁለቱን በአንድ አለመግባባት ማለያየት ነው፤ እሷ ግማሽ ንግግር ትሰማለች፣ ሳትጠይቅ ትሄዳለች። አንባቢ የሚበሳጨው አምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ ነገሩ ስለሚያልቅ ብቻ አይደለም። መለያየቱ ከማንነታቸው ስላልመነጨ እርቁም ምንም ለውጥ አያሳይም። አለመግባባት ሊሠራ የሚችለው ገጸ ባሕርይዋ ያልጠየቀችበት ምክንያት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የተዘራ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ዝምታዋ ራሱ የቁስሉ ምልክት ይሆናል። ሌላው ስህተት ችኮላ ነው። በ60 ሺህ ቃላት የተገነባ ህመም በሁለት ገጽ ይቅርታ ሲዘጋ አንባቢ የተታለለ ያህል ይሰማዋል።

ፍጻሜው መታወቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ደራሲው ሐዘንን፣ ሱስን፣ መካንነትን፣ የአእምሮ ሕመምን አንሥቶ እስከ ጥልቁ መውረድ ይችላል፤ አንባቢ ደራሲው እጁን እንደያዘው ስለሚያውቅ አብሮት ይወርዳል። በሌላ ዘውግ መጽሐፉን የሚያስዘጋ ገጽ እዚህ ይነበባል። ሰዎች የሚወዱትን ሮማንስ ደጋግመው የሚያነቡትም በዚህ ምክንያት ነው። የሚመለሱት ለዜናው ሳይሆን ለስሜቱ ጉዞ ነው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው»

ይህ አመለካከት ታሪካዊ መነሻ አለው። በ1908 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሚልስ ኤንድ ቡን እና በ1949 ዊኒፔግ፣ ካናዳ የተመሠረተው ሃርለኩዊን (በ1971 ሚልስ ኤንድ ቡንን ገዝቶታል) ሮማንስን በተከታታይ ቅጽ፣ በተመሳሳይ ሽፋንና በተወሰነ የገጽ ብዛት አሳትመው ለብዙ አንባቢ አደረሱ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ተመሳሳይ ሽፋን ተመሳሳይ ታሪክ ይመስለዋል።

የሚደጋገመው ግን አንባቢዎች ትሮፕ የሚሉት የታወቀ መነሻ ሁኔታ ነው። አንባቢ መጽሐፍ የሚመርጠውም በዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ትሮፕ የራሱ ደስታና የራሱ ወጥመድ አለውና።

የውሸት ፍቅረኝነትን እንውሰድ። ሁለት ሰዎች ለየግል ምክንያታቸው ፍቅረኛ መስለው ይታያሉ። እንዲሠራ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሁለቱም እምቢ ሊሉት የማይችሉት ምክንያት፣ በመካከላቸው የሚያወጡት ደንብ (አንድ በአንድ የሚፈርስ)፣ እንዲሁም ውሸቱ ቢጋለጥ የሚጎዳ ሰው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ነው። የሚጎዳ ሰው ከሌለ እውነቱን በየትኛውም ገጽ ተናግረው መገላገል ይችላሉ። የዚህ ትሮፕ ደስታ ደግሞ በሰው ፊት የተፈቀደ መነካካት በግል ሲሆኑ የሚያስፈራ መሆኑ ነው።

ከጠላትነት ወደ ፍቅር ለሚሄደው ትሮፕ የሚያስፈልገው ሁለቱንም ትክክል የሚያደርግ ጠብ ነው። አንዱ ተሳዳቢ ሌላው ተሰዳቢ ከሆነ የምናነበው ጥቃትን ነው። በሁለተኛ ዕድል ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር በግልጽ መመለስ አለበት፦ ያኔ ምን ለያያቸው? ዛሬ ምን ተለወጠ? ደራሲው የመጀመሪያውን መልስ እስከ መጽሐፉ መገባደጃ ደብቆ ኋላ ትንሽ ነገር ሆኖ ከተገኘ ሁሉም ነገር ይሟሽሻል። በበረዶ ወይም በብልሽት ምክንያት አንድ ቤት ውስጥ መታገድ የሚባለው ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሰውን ያቀራርባል እንጂ በራሱ ታሪክ ስለማይሆን ሌላ መሰናክል ይፈልጋል።

«ኖቬላ ያጠረ ወይም ያላለቀ ልብወለድ ነው»

በእንግሊዝኛ ኅትመት ልማድ ኖቬላ የሚባለው ከ17,500 እስከ 40,000 ቃላት ያለው ሥራ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ያው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ የቃላቱ ቁጥር ያንሳል፤ መጠኑን ግን መገመት ይቻላል፤ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነው።

የኖቬላ ችግር ግልጽ ነው። ፍቅር ጊዜ ይፈልጋል፤ ገጹ ግን ጥቂት ነው። ቸኩሎ የተጻፈ ኖቬላ ሁለት እንግዶችን በሦስተኛው ምዕራፍ ያፋቅርና አንባቢን ሳያሳምን ይቀራል። የተሻለው መንገድ ታሪኩን ከመነሻው ለአጭር ቅርጽ መምረጥ ነው። ሰዎቹ አስቀድመው የሚተዋወቁ ይሁኑ፤ የቆዩ ጓደኛሞች፣ የተለያዩ ባልና ሚስት፣ ለዓመታት የተያዩ ጎረቤቶች። ያን ጊዜ መሳሳቡ ከዜሮ አይጀምርም። ጊዜው ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቢጠብ፣ መሰናክሉ አንድ ቢሆን፣ ረዳት ገጸ ባሕርያት ከሁለት ወይም ከሦስት ባይበልጡ ታሪኩ ይተነፍሳል።

ለ30,000 ቃላት የሚሆን አንድ ክፍፍል እነሆ፦ ለመግቢያውና ለትውውቁ 5,000፣ ለመቀራረቡ 12,000፣ ለጡዘቱና ለመለያየቱ 7,000፣ ለእርቁና ለፍጻሜው 6,000። መቀራረቡ ትልቁን ድርሻ የያዘው ያለምክንያት አይደለም፤ ከእሱ የተቆረጠ ገጽ ሁሉ በመጨረሻ ከእምነት ይቀነሳል። የሚቆረጥ ካለ የጓደኛዋ ታሪክ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሴራ፣ የልጅነት ትዝታው ይቆረጥ።

«ዋናው ነገር የአልጋ ትዕይንት ነው»

በዘውጉ ውስጥ ከመሳም የማያልፉ መጻሕፍት አሉ፤ በሩ ተዘግቶ ምዕራፉ የሚቀየርባቸው አሉ፤ ሁሉን በዝርዝር የሚያሳዩም አሉ። ማስታወቂያቸውና አንባቢዎች የሚሰጡት አስተያየት የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል፤ ስለዚህ የማይፈልገውን ላለማንበብ የሚቸገር ሰው አይኖርም። ዝርዝር ትዕይንት የሚመዘነው እንደ ማንኛውም ትዕይንት ነው፦ ከእሱ በኋላ በሁለቱ መካከል ምን ተለወጠ? ማን ምሥጢሩን አወጣ? ማን ፈርቶ ሸሸ? ዘሎት ያለፈ አንባቢ የሚያጣው ነገር ከሌለ ትዕይንቱ ትርፍ ነው።

«ሥራ ፈት ሴቶች ከእውነታ የሚሸሹበት ነው»

ጃኒስ ራድዌይ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት በአንዲት ከተማ የሚኖሩ የሮማንስ አንባቢ ሴቶችን ራሳቸውን ጠይቃ ነበር። ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ ለእነዚያ ሴቶች መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ በራሱ ትርጉም እንዳለው ነው። ቀኑን ሙሉ ሌሎችን ሲንከባከቡ ለሚውሉት ሴቶች ንባቡ «ይህ ሰዓት የእኔ ነው» ማለት ነበር። ራድዌይ የዘውጉ ደጋፊ ብቻ አልነበረችም፤ ትችትም አላት። አንባቢዎቹ ግን የሚያነቡትን የሚመርጡ፣ የሚያማርጡ፣ ደካማውን ከጥሩው የሚለዩ መሆናቸውን አሳይታለች። ወንድ አንባቢዎችም አሉ። እረፍት ፈልጎ ማንበብ ደግሞ የስለላ ልብወለድ ሲሆን ማንም የማይወቅሰው ነገር ነው።

«ጤናማ ያልሆነ ግንኙነትን ያስተምራል»

እዚህ ላይ የሚቀበሉት እውነት አለ። ቅናትን የፍቅር ማረጋገጫ፣ ቁጥጥርን እንክብካቤ አድርገው የሚያሳዩ መጻሕፍት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ በዘመናዊው ሮማንስ ፈቃድ መጠየቅ፣ ወሰንን ማክበርና ስለ ችግር መነጋገር የታሪኩ አካል ሆነው የሚጻፉበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል፤ ይህን የሚጠይቁትም በዋናነት አንባቢዎቹ ናቸው።

ሚዛኑን ለማወቅ የይቅርታውን ትዕይንት ማየት ይበቃል። ጥሩ ይቅርታ የተደረገውን ነገር በስሙ ይጠራል። «ግን አንቺም» አይልም። የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ክብር፣ ምቾት ወይም ለብዙ ጊዜ የተደበቀ እውነት። ከዚያም መልስ ሳያስገድድ ይጠብቃል። በአደባባይ በሰው ፊት ተንበርክኮ መለመን ብዙ ጊዜ እንደ ትልቅ ፍቅር ይቀርባል፤ ግን እሷ በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት እንዳትችል ያደርጋል። ዝነኛ መሆንን የምትጠላ ሴት በካሜራ ፊት ይቅርታ ከተጠየቀች ጠያቂው ምንም አልተማረም ማለት ነው።

«ለመጻፍ ቀላል ነው»

ብዙ ዘመናዊ ሮማንስ የሚተረከው በሁለቱ ፍቅረኞች አንጻር፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተፈራረቀ ነው። የምዕራፉን ርዕስ ሸፍኖ አንድ አንቀጽ ማንበብ የደራሲውን አቅም ያሳያል፤ ተራኪው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ሁለት ስም ያለው አንድ ሰው ነው የተጻፈው። ምልልሱም እንዲሁ። ሁለቱ ሲያወሩ እያንዳንዱ ከሌላ ሰው ጋር የማያወራውን ካላወራ፣ «ተዋደዱ» የሚለው የተራኪው ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን መጽሐፉን ከመግዛት በፊት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ማየት ይቻላል።