«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ልጅ ሆኜ ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት እግሬን ወለም አለኝ። ሜዳው ደልዳላ ነበር። ድንጋይ አልነበረበትም፣ የገፋኝም የለም። በአንድ እግሬ ዘልዬ ሳርፍ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ጎን ታጠፈ፤ በቃ። ማታ ላይ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባም አለ። እናቴ አዝላኝ ሰፈራችን ያሉ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ።

አሮጊት ነበሩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። በሲኒ ቅቤ ይዘው መጡና ከሰሉ ዳር አስጠግተው ለስለስ አደረጉት። አውራ ጣታቸውን ነክረው እብጠቱን ቀስ ብለው መዳበስ ጀመሩ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አሉኝ። «ሦስ...» ብዬ ሳልጨርስ ቋ! አለ። ጮህኩ። እሳቸው ማሸታቸውን አላቆሙም። ቅቤው ቆዳዬ ላይ ያብለጨልጫል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ሕመሙም ቀስ በቀስ ሲለቀኝ ይታወቀኛል። በመጨረሻ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠመጠሙልኝና «ሦስት ቀን እንዳትረግጪበት» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የራሷን ጉዳይ ታወራ ነበር። ከጎረቤቷ ጋር ተኳርፋለች። ሳታስበው አንድ ቃል አምልጧት፣ ያቺ ሴት ቤታችን መምጣት ትታለች። እማማ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሟት። «እሱን እኔም አልችልበት ልጄ» አሏት። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

አባባሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቅቤው ገና እግሬ ላይ ነበርና ለመረዳት ብዙ አልተቸገርኩም።

መነሻውም ከዚያው ከወጌሻ ቤት ነው። ወለምታ ማለት መገጣጠሚያ ከቦታው ትንሽ ሸርተት ሲል የሚመጣ ጉዳት ነው። ስብራት አይደለም፤ ቁስልም አይደለም። ሐሳቡ የሚወላውልን ሰው «ወለም ዘለም ይላል» የምንለውም ከዚሁ ቃል ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም ያቃተው ነገር። አገሬው ወለምታን የሚያክመው በማሸት ነው። ለማሸት ደግሞ ቅቤ ያስፈልጋል። ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ የወጌሻውን ጣት ያንሸራትታል። አባባሉ ይህንን ሁሉ ከእግር አንስቶ ወደ አፍ ወሰደው። እግርህን ወለም ቢልህ መድኃኒቱ ጓዳ ውስጥ አለ። አፍህን ወለም ቢልህስ? እዚያ ቅቤ አይሠራም።

ብዙ ሰው አባባሉን «ተጠንቅቀህ ተናገር» በሚል ብቻ ይተረጉመዋል። ትክክል ነው፤ ግን በዚያ ብቻ ካለፍነው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ለምን ወለምታ ተባለ? ለምን ስብራት ወይም ቁስል አልተባለም? ማንም ሰው አስቦ እግሩን ወለም አይለውም። ወለምታ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። ብዙ ጊዜም በደልዳላ መንገድ ላይ፣ ሰው ዘና ብሎ ሲራመድ ወይም ሲጫወት። ስለዚህ ይህ አባባል ስለ ተሳዳቢ አይደለም። ስለ ደግ ሰው ነው። ወዳጁን ሊያስቅ ብሎ፣ ሊመክር ብሎ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል አንድ ቃል ያመለጠው ሰው ነው የሚባለው።

ለተንኮለኛው ሌላ አባባል አለን፤ «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ይባላል። አስቦ ለሚያጠፋው ሕግም አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፈውንም ይነካል። ከጓደኛሞች ጨዋታ መሀል የሚያመልጠው ቃል ግን አዋጅ አይደርስበትም። እሱ የኛው ዕዳ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውም የዚህ አባባል ዘመድ ነው። አማርኛ አፍን ለጠርዝም ይጠቀምበታል፤ የጉድጓድ አፍ፣ የገደል አፋፍ እንላለን። ከአፍ የወጣ ቃል ገደሉ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አይመለስም ማለት ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ ልዩነት አላቸው። «አፋፍ» የሚነግረን ቃሉ እንደማይመለስ ነው። «ወለምታ» ደግሞ ከዚያ በኋላ ስለምንይዘው መድኃኒት ይናገራል። ለእኔ ከበድ የሚለኝ ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱም ቅቤ በአማርኛ የወጌሻ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለስላሳ ንግግርም ነው፤ አፈ ቅቤ የሚለው ቃል ራሱ ይናገራል። እንግዲህ አባባሉን በዚህ ዓይን መልሳችሁ አንብቡት። ያመለጠ ቃል በለሰለሰ ቃል አይታሽም። «ቀልዴን ነው እኮ»፣ «አታካብጂው»፣ «ሙድ እየያዝን ነው»፣ «የኔ ቆንጆ እኔ እኮ ስለምወድሽ ነው»። እነዚህ ሁሉ ቅቤ ናቸው።

ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰ ነው።

የድሮ የክፍል ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አርባ እንሆናለን። ተረቡ ብዙ ነው፣ ፉገራው ብዙ ነው፣ ክርክሩም አያልቅም። አንድ ማታ ዱባይ የምትሠራ ጓደኛችን «ኧረ ምከሩኝ» ብላ ጻፈች። ያጠራቀመቻትን ይዛ አገር ቤት ገብታ ትንሽ የውበት ሳሎን ትክፈት ወይስ ሁለት ዓመት ትጨምር? አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ጻፈላት፣ ሌላዋ «ነይ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ» አለቻት። እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ስልኬን አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አንቺ እኮ መመለስ ታወሪያለሽ እንጂ አትመለሺም። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው የሰማነው።» መጨረሻው ላይ ሁለት የሚስቁ ፊቶች ጨመርኩበት።

ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። እሷ «እውነትሽን ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ።

ለምን ስድስት ዓመት እንደቆየች አውቃለሁ። ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት። አውቃለሁ፤ ግን በዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም። ወለምታ ማለት ይኸው ነው።

ያንኑ ነገር ቤቴ ተቀምጠን ብላት ኖሮ ምን እንደሚሆን አስበዋለሁ። ፊቷ ሲለወጥ አያለሁ። እጇን እይዛለሁ፣ «በሞቴ» እላለሁ፣ አጎርሳታለሁ። ቡና ላይ ብንሆን ደግሞ ጊዜ አለን። አቦል ላይ ያስቀየመ ቃል ቶና ላይ ቀዝቅዞ በረካ ላይ ሲታረቅ ስንቴ አይተናል! የቡናው ሦስት ዙር ለዚህም የሚጠቅም ይመስለኛል። አስቀይሞ መሄድ የለም፤ ተቀምጠህ ታየዋለህ። ስልክ ላይ በረካ የለም። ድምፅ የለም፣ ዓይን የለም። «እኮ» የምትለዋን ቃል እንኳ ስትነገር እየሳቅን ነው፣ ስትነበብ ግን ክስ ትሆናለች። ቴሌግራም የጻፍነውን በ48 ሰዓት ውስጥ እንድናስተካክል ይፈቅዳል። ማጥፋትም ይቻላል። ያየ ግን አይቷል፤ ስክሪንሾት ያነሳም አንስቷል።

እኔም አጠፋሁት። ከዚያ ለብቻዋ «የኔ ማር ቀልዴን ነው እኮ፣ እንዳትቀየሚኝ» ብዬ ከአበባ ጋር ላኩላት። «ችግር የለም» ብላ መለሰች። አማርኛ የሚያውቅ ሰው «ችግር የለም» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግሩፑ ላይ አንድ ቃል አልጻፈችም።

እማማ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። አባባሉ በቅቤ አይታሽም አለ እንጂ አይድንም አላለም። በዚህ ላይ አጥብቄ አምናለሁ። ሰው ግን «አንዴ ከተናገርኩ አበቃ» ብሎ ለዝምታ ሰበብ ያደርገዋል። የቀደሙት ሰዎች ለአፍ ወለምታ ሌላ ወጌሻ ነበራቸው። ሽማግሌ ይላካል። ጥፋቱ ከባድ ከሆነ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በተበዳዩ ፊት ይቆማል። «ይቅር ለእግዜር» ይባላል። እዚያ ማባበል የለም። «ቀልዴን ነው» የሚል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ አላየንም። ድንጋዩ በራሱ «አጥፍቻለሁ» ይላል። ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰው ፊት ነው። እኔ አርባ ሰው ፊት አስቀይሜያት ይቅርታውን በጓዳ ነበር የላክሁት።

እና ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አበባ አላደረግሁበትም፣ የሚስቅ ፊትም አልጨመርኩም። ያን ዕለት የጻፍኩት ልክ እንዳልነበረ፣ ለምን እንደቆየች እያወቅኩ እንዳሾፍኩባት፣ ምክር ፈልጋ መጥታ መሳቂያ እንዳደረግኋት ጻፍኩ። «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። ለረጅም ሰዓት ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንዱ «እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅርታ» አለ። ሌላዋም ተከተለችው።

በእረፍት ቀኗ ደወለችልኝ። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሰማል። መጀመሪያ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ። እኔ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

«ያንቺስ ይሁን» አለችኝ። «አንቺን አውቅሻለሁ። ማታ ተኝቼ የሳቁትን ስም ስቆጥር ነው ያደርኩት። አሥራ አንድ ናቸው።»

ምንም አልመለስኩላትም። ማሽኑ ሲቆም ተሰማኝ። ልብሱን እያወጣች መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አለች።

«በይ አሁን የምርሽን ንገሪኝ» አለችኝ። «ልምጣ ወይስ ልቆይ?»